ከአዲስ አበባ እስከ ጅዳ፦ የሁለት ሰዓቱ መንገድና ታሪኩ



ከቦሌ የተሳፈረ ሐጃጅ ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ጅዳ ይደርሳል። የአየር ርቀቱ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ካርታ ዘርግታችሁ ብታዩ ጅዳን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በቀጥታ ታገኟታላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሶላት ስንቆም ፊታችንን ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ አዘንብለን አይደል የምናዞረው? አውሮፕላኑም የሚበረው ወደ ቂብላችን ነው።

ይህን ባሕር ሶሓቦች ከወዲያ ወደዚህ ተሻግረውታል። በነቢይነት 5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615፣ አሥራ አንድ ወንዶችና አራት ሴቶች ከመካ በስውር ወጥተው ሹዐይባ ከተባለው ወደብ እንደደረሱ የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ሁለት የነጋዴ መርከቦች አግኝተው በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ። ቁረይሾች ተከትለው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ መርከቦቹ ሄደዋል። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሰይዲና ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ.) ነበሩ።

ዓመታት አለፉና ዑስማን (ረ.ዐ.) ኸሊፋ ሆኑ። በ26 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 647) የመካን ወደብ ከሹዐይባ ወደ ጅዳ አዛወሩት። አውሮፕላናችን የሚያርፍባትን ከተማ የመካ በር ያደረጓት ሐበሻን በስደት የሚያውቁት ሰው ናቸው። ስንቱ ሐጃጃችን ይህን ሳያውቅ በዚያች በር ገብቶ ወጥቷል!

አባቶቻችን በምን ይሄዱ ነበር? ከመሐል አገር ተነስቶ ወደ ምጽዋ የሚወርድ ሰው በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢራመድ፣ 735 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ቀጥታ መስመር ብቻ አንድ ወር ይፈጅበታል። ተራራና ገደሉ፣ ዝናቡና ወንዙ ሲጨመር ደግሞ ራሳችሁ ገምቱት። ከምጽዋ እስከ ጅዳ ያለውን 650 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር በሸራ ጀልባ መሻገር ነበረበት። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ በአብዛኛው ከሰሜን ይነፍሳል፤ ወደ ጅዳ ለሚቀርብ ጀልባ ከፊት የሚመጣ ነፋስ ነው። የጀልባው ባለቤት ነፋስ ይጠብቃል፣ ሐጃጁም አብሮ ይጠብቃል።

እ.ኤ.አ. በ1917 የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ የየብሱ መንገድ ለብዙዎች አጠረ። በ1946 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ጀመረ። ይሁን እንጂ ሰማይም ቢሆን ሁልጊዜ ቀጥታ አይደለም። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሳ በኋላ አውሮፕላኖቻችን እስከ 2018 ድረስ በኤርትራ ሰማይ ማለፍ ስላልቻሉ ዞረው ይበሩ ነበር።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። የጥንቱ ሐጃጅ ሲነሳ ቤተሰቡ እንደሚሞት ሰው ይሰናበተው ነበር። ዕዳውን ከፍሎ፣ አማናውን መልሶ፣ ያስቀየመውን ዐፉ አስብሎ፣ ኑዛዜውን ተናግሮ ይወጣል። መንገድ ላይም ልቡን የሚያዘጋጅበት ወራት ነበረው። ዛሬ እነዚያ ወራት የሉም። እነርሱ የሰጡትን ዝግጅት ቤት ውስጥ ሳለን ካልፈጸምነው አውሮፕላኑ አይጠብቀንም።

ሚቃትንም አስቡት። በእግሩ ወይም በጀልባ የሚመጣው ሰው ቦታው ላይ ቆም ብሎ ታጥቦ ኢሕራም ያደርግ ነበር። አውሮፕላን ግን በደቂቃ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል፤ የየለምለም ትይዩ አንድ ሰው ጫማውን ፈትቶ ሻንጣውን እስኪከፍት ድረስ ከኋላው ሊቀር ይችላል። ብዙዎቹ ሐጃጆቻችን ሁለቱን ነጭ ጨርቆች ከቤታቸው ለብሰው የሚወጡት፣ ኒያቸውን ደግሞ ሰማይ ላይ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።