ላብ የተሸጠበት ዘመን

የጥንት ግሪክ ታጋይ ወደ አሸዋው ከመግባቱ በፊት ገላውን የወይራ ዘይት ይቀባል፤ ብዙ ጊዜም ደቃቅ አቧራ ይነሰንስበታል። ትግሉ ሲያበቃ ዘይቱ፣ ላቡና አሸዋው ተለውሰው ቆዳው ላይ ይጣበቃሉ። ይህን ጉድ በውኃ ብቻ ማስለቀቅ አይሞከርም። ስለዚህ ጎበጥ ባለ የብረት ወይም የነሐስ መፋቂያ እየገፈፈ ያወርደዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከክሮኤሽያ ባሕር የወጣው ዝነኛ የነሐስ ሐውልት የሚያሳየውም ልምምዱን ጨርሶ መፋቂያውን የሚያጸዳ ወጣት ነው።

ተገፍፎ የወረደው እድፍ ግን አይደፋም ነበር።

ይሸጣል! ሐኪሙ ዲዮስቆሪደስ ከመድኃኒቶች ጋር መዝግቦታል። ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ የስፖርት ቤት ሹማምንት ይህንኑ ግፋፊ በ80,000 ሴስተርስ እንደሸጡ ጽፏል። የዛሬ ሰው አፍንጫውን ቢይዝ አይፈረድበትም፤ ገበያው ግን ቤቱን የሚጠብቅ ሰው አስገኝቷል።

ማስረጃው ሐዋርያው ጳውሎስ በኋላ ዘመን የሰበከባት የመቄዶንያዋ ቤርያ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋ የስፖርት ቤቷን ሕግ በድንጋይ አስቀርጻ ነበር። በሕጉ መሠረት የግፋፊውን ገቢ በጨረታ የሚገዛ ሰው ለመታገያው ቦታ ጠባቂ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ጠባቂው ለስፖርት ቤቱ ሹም ይታዘዛል፤ አልታዘዝም ካለ ይገረፋል። ሰካራም ወደ ልምምዱ አይገባም። ከቤቱ ዕቃ የሰረቀ ደግሞ፣ ጥፋቱ ከተረጋገጠበት፣ ቤተ መቅደስ እንደዘረፈ ይቆጠራል።