ጭቃ፣ ቆርቆሮና የልጆቻችን እንቅልፍ፦ ግድግዳችን ድምፅን እንዴት ሲያግድ ኖረ?



በጌዴኦ ዞን ኮቸሬ ወረዳ፣ ጨለለቅቱና አካባቢዋ የቡና ለቀማ ሲደርስ ሌሊቱም የሥራ ሰዓት ነው። ቀን የተለቀመው እሸት ቡና ብዙ ሳይቆይ መፈልፈል ስላለበት ማሽኑ ከመሸ በኋላም ይሠራል፤ የጭነት መኪናው ይገባል፣ ይወጣል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቆርቆሮው ሰው አያነጋግርም። «ልጄ ሌሊት እየባነነ ቀን ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ ግድግዳው ላይ ምን ብለጥፍ ይሻላል?» ብሎ ለሚጠይቅ ወላጅ መልስ ለመስጠት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ይጠቅማል። አያቶቻችን የሠሩት ግድግዳ ብዙ ያስተምረናልና።

የአያቶቻችን ቤት

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንሰት፣ ቡናና አገር በቀል ዛፎች አንድ ላይ ሆነው ቤቱን ይከቡታል። ይህ አረንጓዴ አጥር ድምፅን በጥቂቱ ቢቀንስም ግድግዳን አይተካም።

ዋናው ሥራ የቤቱ ነበር። የሣር ክዳን ወፍራምና ለስላሳ በመሆኑ የዝናቡን ምት ውጦ ያስቀረዋል። በብዙ የአገራችን ክፍሎች ደግሞ ግድግዳው ቋሚ እንጨትና ማገር ተመትቶ፣ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል። ድምፅ የአየር ንዝረት ነው፤ ከባድ ግድግዳን ማነቃነቅ ስለሚከብደው አብዛኛው እዚያው ይቀራል። በጭቃ ያልተመረገ የቀርከሃ ግድግዳ ግን በየቀዳዳው ድምፅ ያስገባል። ስለዚህ የድሮ ቤት ሁሉ ጸጥተኛ ነበር ማለት አይደለም። ድምፅን ያገደው የጭቃው ክብደትና የምርጊቱ ድፍንነት ነበር።

ቆርቆሮ ሲመጣ

የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ በቀላሉ ወደ መሀል አገር መግባት ጀመረ። የቆርቆሮ ክዳንም ቀስ በቀስ ከተሞችን፣ ኋላም ገጠሩን አዳረሰ። ቆርቆሮ እንደ ሣር በእሳት አይያያዝም፣ በየጊዜው መታደስ አይፈልግም፤ የመረጡት ሰዎች አልተሳሳቱም። ነገር ግን ስስና ቀላል ስለሆነ ጠብታ ሲያርፍበት እንደ ከበሮ ይጮኻል። በኋላ የመጣው ብሎኬት ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ሳይለሰን ሲቀርና በግድግዳውና በክዳኑ መካከል ክፍተት ሲተው የውጭ ድምፅ በቀላሉ ይገባል።

ሕክምና ድምፅን ያወቀው መቼ ነው?

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ መዳብ ሲቀጠቅጡ የሚውሉ አንጥረኞች ጆሯቸው እንደሚደነቁር ጽፏል። ለረጅም ዘመን የድምፅ ጉዳት የጆሮ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር።

የልጆች ጉዳይ በግልጽ የታየው በኒውዮርክ ነው። አንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ባቡር ያልፍ ነበር፤ ባለፈ ቁጥር መምህራኑ ንግግራቸውን ያቋርጣሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ አርሊን ብሮንዛፍት እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው ጥናት በሐዲዱ በኩል ያሉ ክፍሎች ልጆችን ጸጥ ባለው በኩል ካሉት ጋር አነጻጸረች። በሐዲዱ በኩል ያሉት በንባብ ወደኋላ ቀርተው ነበር፤ በ6ኛ ክፍል ልዩነቱ ወደ 1 ዓመት ይጠጋ ነበር። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ሥር ጎማ ተነጠፈ፣ በክፍሎቹ ጣሪያ ላይም ድምፅ የሚቀንስ ኮርኒስ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ሁለተኛ ጥናቷ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው የንባብ ልዩነት ጠፍቷል። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ የጎዳቸው ጫጫታው ነበር።

መምጠጥና ማገድ ይለያያሉ

አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን እ.ኤ.አ. በ1895 ድምፅ የሚያስተጋባ አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዘዘ። የወንበር ትራሶችን እያስገባ ሲለካ፣ ለስላሳ ነገር በበዛ ቁጥር የገደል ማሚቶው እንደሚያጥር አረጋገጠ። ልብ በሉ፤ ትራሶቹ ያስተካከሉት እዚያው አዳራሹ ውስጥ የተነሣውን ድምፅ ነው። ስፖንጅ ወይም የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ አያግድም፤ በዚያ ላይ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ የስፖንጅ ጭስ ደግሞ መርዛማ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ መኝታ ክፍል ውስጥ ያለማቋረጥ የሚሰማ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። በአገራችን ደረጃ የመኖሪያ ሰፈር ድምፅ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የግድግዳችን ሥራ በመካከል ያለውን ልዩነት መሸከም ነው። ከግድግዳው ስፋት ከመቶ 1 እጁ ክፍት ከሆነ ግን የቀረው የቱንም ያህል ቢወፍር ከ20 ዴሲቤል ገደማ በላይ መቀነስ አይችልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. መጀመሪያ ቀዳዳ ይደፈን። የበርና የመስኮት ዳር፣ ግድግዳው ከክዳኑ የሚገናኝበት፣ የተሰነጠቀ ምርጊት። ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ ነው።
2. ግድግዳው ይክበድ። ብሎኬት ከሆነ በውስጥም በውጭም ይለሰን፤ የጭቃ ቤት ከሆነ ምርጊቱ ይታደስ። የግድግዳ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ ከ5 እስከ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል።
3. ከቆርቆሮው ሥር፣ ክፍተት ትቶ ኮርኒስ ይሠራ። ከማዳበሪያ ጆንያ ይልቅ ችፑድ ወይም ሌላ ከበድ ያለ ነገር ይሻላል።
4. የልጆች አልጋ ከመንገድና ከማሽን በራቀው ክፍል ይሁን። ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ቢቆም ጥቂት ያግዛል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ

ቀዳዳ ድፈኑ ስል አየር ዝጉ ማለቴ አይደለም። ከሰል ወይም እንጨት የሚነድበትን ክፍል ፈጽሞ አትድፈኑ፤ ከሰል አንድዳችሁም አትተኙ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ቤተሰብን በተኛበት ይገድላል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስመለስ በአንድ ጊዜ ብዙ የቤት ሰው ላይ ከታየ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡና ወደ ጤና ተቋም ፍጠኑ። መኝታ ክፍልም ቢሆን ከጫጫታው ራቅ ባለው በኩል መናፈሻ ይኑረው።

ደግሞም ሌሊት የሚባንን ልጅ ሁሉ ድምፅ አስቸግሮት ላይሆን ይችላል። የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ጆሮው ፈሳሽ የሚያወጣ ወይም «ምን?» እያለ ደጋግሞ የሚጠይቅ ልጅ በሐኪም ይታይ።

አያቶቻችን ዴሲቤል ሳይለኩ ጭቃውን ከጭድ አቡክተው በደንብ መርገው ኖረዋል። እኛም ዛሬ ማታ መብራት አጥፍተን፣ የልጆቻችን ክፍል ውስጥ ለ5 ደቂቃ ቁጭ ብለን ድምፁ በየት በኩል እንደሚገባ እናዳምጥ። ሥራው ከዚያ ይጀምራል።