ፎልአውትና ወራሾቹ፦ ታሪኩን ማን ቀጠለው?

ስለ መንግሥትና ስለ ሕግ ማንበብ ለለመደ ሰው የቪዲዮ ጨዋታ ነገር የልጆች ወግ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ ሕግም፣ ግብርም፣ ሠራዊትም እንደገና ከየት ይመጣሉ የሚለውን ጥያቄ የፎልአውትን ያህል አጥብቆ የያዘ ጨዋታ እምብዛም አይገኝም። ተከታዮቹ በወጡ ቁጥር ክርክሩ በሥዕሉ ጥራትና በካርታው ስፋት ላይ ይሆናል። የእኔ ሚዛን ግን ሌላ ነው፤ ተከታዩ የቀዳሚውን ታሪክ ወደፊት አራመደው ወይስ ባለበት አቆመው?

የመጀመሪያው ፎልአውት እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካው ኢንተርፕሌይ ኩባንያ ታተመ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመንፈስ አባቱ ያው ኩባንያ በ1988 የሠራው ዌስትላንድ ነው። በታሪኩ ውስጥ በ2077 የኑክሌር ጦርነት ዓለምን ያወድማል። ከ84 ዓመታት በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከምድር በታች ባለ መጠለያ የሚኖሩ ሰዎች የውኃ ማጣሪያቸው ቺፕ ይበላሽባቸዋል፤ ተጫዋቹም በ150 ቀናት ውስጥ ምትክ እንዲያመጣ ወደ ውጭ ይላካል። በመንገዱ ሼዲ ሳንድስ የምትባል የጭቃ ቤቶች መንደር ያገኛል። የመንደሯ መሪ ልጅ ታንዲ በሽፍቶች ስትጠለፍ ሊያድናት ይችላል።

በ1998 የወጣው ሁለተኛው ክፍል በጥድፊያ የተሠራ፣ ስሕተቱም ቀልዱም የበዛ ነበር። የሆነ ሆኖ አንድ ታላቅ ነገር አደረገ፤ ሰማንያ ዓመት አሳለፈ። ያቺ የጭቃ መንደር የኒው ካሊፎርኒያ ሪፐብሊክ መዲና ሆናለች፤ ያቺ የተጠለፈች ልጃገረድም አሮጊት ፕሬዚዳንት ናት። ሪፐብሊኳ ባርነትን ከልክላለች፤ በዚያው ልክ ግን ጎረቤቶቿን ለመጠቅለል ትቋምጣለች። ተጫዋቹ ትናንት ያዳነው ሕዝብ ዛሬ መንግሥት ሆኖ፣ ከነክብሩና ከነስግብግብነቱ ይጠብቀዋል።

በዚያው ዓመት የወጣውና ባዮዌር የሠራው ባልዱርስ ጌት ብርቱ ተቀናቃኝ ነበር። የ2000ው ተከታዩ በጥበብ ረገድ ቀዳሚውን በእጅጉ እንደበለጠ አልክድም። ነገር ግን እዚያ የሚያድገው ጀግናው ነው፤ በፎልአውት ግን አገሩ ያድጋል።

ከዚያ ዕዳ መጣ። ኢንተርፕሌይ ፎልአውትን ይሠራ የነበረውን ብላክ አይል የተባለ ክፍሉን በታኅሣሥ 2003 ዘጋ፤ ተጀምሮ የነበረው ሦስተኛው ክፍልም መከነ። ቤተዝዳ የተባለው ኩባንያ በ2007 የጨዋታውን ሙሉ መብት በ5.75 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2008ም ፎልአውት 3ን አወጣ። ታሪኩ ከካሊፎርኒያ ወደ ዋሽንግተን ተዛወረ፤ ሐያስያንም ከመቶ ዘጠና በላይ ሰጡት። በፈራረሰው ዋና ከተማ ብቻን መንከራተት፣ እውነት ለመናገር፣ ከቀዳሚዎቹ አንዱም ያልነበረው ግርማ አለው። ነገር ግን ጊዜው 2277 ነው። ከጦርነቱ ሁለት መቶ ዓመት አልፎ ሰዎች አሁንም ከፈረሱ ሱቆች የቆርቆሮ ምግብ ይለቅማሉ። ማን ያርሳል? ማንስ ያስገብራል? መልስ የለም። ምርጫውም የመልአክና የሰይጣን ነው፤ ሜጋቶን የተባለችውን ከተማ በቦምብ ማጥፋት ወይም ማዳን። ፍጻሜው ደግሞ የባሰ ነው፤ ጨረር የማይጎዳው ባልንጀራ አጠገቡ ቆሞ ሳለ ተጫዋቹ ጨረር ወዳለበት ክፍል ራሱ ገብቶ እንዲሞት ይጠበቃል። ይህን ያረሙት በ2009 ባወጡት ማሟያ ነው፤ እሱም የሚሸጥ ነበር!

በ2010 የወጣው ኒው ቬጋስ የቤተዝዳ ንብረት ቢሆንም የሠሩት የብላክ አይል ሰዎች ያቋቋሙት የኦብሲዲያን ባለሙያዎች ናቸው። የተሰጣቸው ጊዜ 18 ወር ገደማ ነበር፤ ጨዋታውም በስሕተት ተሞልቶ ወጣ። ግን ሪፐብሊኳን እናገኛታለን። አሁን ሰፍታለች፣ ደክማለች፤ የከብት ባለሀብቶች ሹማምንቷን ይዘውሯታል፤ ወታደሮቿም በሁቨር ግድብ ላይ ለምን እንደሚሞቱ ይጠራጠራሉ። በወዲያ በኩል ባሪያ ፈንጋዩ የቄሣር ጦር ቆሟል፤ ነጋዴዎች ግን በእርሱ ግዛት መንገዱ ሰላም ነው ይላሉ። ግብር ከፍሎ በተዝረከረከ ሕግ መኖር ወይስ በሰንሰለት ጸጥታ? በሮል ፕሌይንግ ጨዋታ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የፖለቲካ ጥያቄ አልገጠመኝም። ሐያስያን በአማካይ 84 ሰጡት፤ ከጨዋታው ነዳፊዎች አንዱ ክሪስ አቨሎን በ2012 እንደገለጸው ጉርሻ የሚያስገኘው 85 ነበር። በአንዲት ነጥብ! ሦስተኛው ክፍል በሐያስያን ሚዛን ይበልጠዋል፤ ለእኔ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች እውነተኛ ወራሽ ኒው ቬጋስ ነው።

የ2015ቱ ፎልአውት 4 ንግግሩን በአራት አማራጭ ስለወሰነው ብዙ የሚባልለት የለም። በ2024 የወጣው የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ ታሪኩን ወደ ካሊፎርኒያ መለሰው፤ ሲመልሰው ግን ሼዲ ሳንድስን በቦምብ አጥፍቷታል። ያ ሁሉ ትውልድ የገነባው ምክር ቤትና ሕግ ሰፊ ጉድጓድ ሆነ፤ ነዋሪዎቹም እንደገና ወደ ቆርቆሮ ምግብ ለቀማ ተመለሱ።