“ለምዶታል” የሚባለው ገበሬና የካሎሪ ቁጥር ታሪክ

ስለ ረሃብ በተነሳ ቁጥር፣ ከምሁራኖቻችን አፍ ሳይቀር፣ ደጋግሜ የምሰማው አባባል አለ፦ “የኛ ገበሬ እኮ በትንሽ መኖር ለምዷል።” ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የለውም፤ እንዲያውም ማድነቁ ነው። ይህ አድናቆት የቱን ያህል አሳሳች እንደሆነ ለመረዳት ግን፣ ሰው በቀን ስንት ካሎሪ ያስፈልገዋል የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ መለስ ብሎ ማየት ይበጃል እላለሁ።

ሰው ተጋድሞ ቢውል እንኳ ልቡ ይመታል፣ ይተነፍሳል፣ አንጎሉና ጉበቱ ሥራ አይፈቱም፣ የሰውነቱም ሙቀት መጠበቅ አለበት። ለዚህ የሚወጣው ጉልበት የዕረፍት ሜታቦሊዝም ይባላል። ከባድ የጉልበት ሥራ ለሌለው ሰው ከቀኑ ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸው ነው። በዚህ ነገር ፈር ከቀደዱት አንዱ ፈረንሳዊው ላቮአዚዬ ነው። በ1780ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከላፕላስ ጋር ሆኖ ጊኒ ፒግ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ፣ የቀለጠውን በረዶ በመለካት መተንፈስ ማለት ቀስ ያለ መንደድ መሆኑን አሳየ። (እሱን ራሱን አብዮቱ በ1794 አንገቱን ቀላው፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።)

ቀመሩ ግን የቦስተን ነው። በካርኒጊ ተቋም የሥነ ምግብ ላቦራቶሪ ለዓመታት የሰው ትንፋሽ ሲለካ የኖረው ፍራንሲስ ቤኔዲክት፣ ከአርተር ሃሪስ ጋር ሆኖ የ136 ወንዶችንና የ103 ሴቶችን ልኬት መሠረት ያደረገ ቀመር በ1919 አወጣ። በ1990 የወጣውና ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የሚፍሊን ቀመር የዚያው ተከታይ ነው። ክብደት በኪሎ በ10፣ ቁመት በሳንቲ ሜትር በ6.25 ተባዝተው ይደመራሉ፤ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል፤ ከዚያ ለወንድ 5 ይጨመራል፣ ለሴት 161 ይቀነሳል። 50 ኪሎ የምትመዝን፣ 160 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም የ30 ዓመት ሴት 1,189 ካሎሪ ትፈልጋለች ማለት ነው። ይህ ገና ከመኝታዋ ሳትነሳ ነው፤ ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትሸከም የሚጨመረው ሌላ ነው።

እነዚህ ቀመሮች የተሠሩት ጤነኛና ጠግቦ አዳሪ በሆነ ሰው ላይ ነው። የተራበውን ሰው ለማወቅ ወደ ሚኒሶታ መሄድ ያስፈልጋል።

በኅዳር 1944፣ አውሮፓ በረሃብ ስትሰቃይ፣ አንሴል ኪስ የሚባለው ተመራማሪ በሃይማኖትና በኅሊና ምክንያት መሣሪያ አንነሳም ያሉ 36 ወጣት አሜሪካውያንን በፈቃደኝነት ይዞ ሙከራ ጀመረ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሥር አኑሮ፣ መጀመሪያ በደንብ መገባቸው፤ ቀጥሎ ለ24 ሳምንታት በቀን 1,600 ካሎሪ ገደማ ብቻ ሰጣቸው። ምግቡ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ዳቦና መኮሮኒ ነበር። በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ መራመድም ግዴታ ነበር። ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጡ። የዕረፍት ሜታቦሊዝማቸው ደግሞ 40 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ከፊሉ ሰውነታቸው ስለቀነሰ፣ ከፊሉ ግን የቀረው አካል ራሱ እሳቱን ስለቀነሰ ነው። የልብ ምታቸው ዘገየ፣ በበጋ በረዳቸው፣ ሳህን ይልሱ ጀመር፣ ስለ ምግብ ካልሆነ ማውራት ጠሉ።

እንግዲህ “መልመድ” የምንለው ይህን ነው። አካሉ ወጪውን የቆረጠው ስለበቃው ሳይሆን ስላጣ ነው፤ የቆረጠውም ከሥራው፣ ከሙቀቱና ከስሜቱ ነው። በትንሽ የሚኖር ሰው ትንሽ ያስፈልገዋል ማለት፣ ደመወዙ የተቀነሰበት ሰው ልጆቹን ከትምህርት ቤት ስላስወጣ ድሮም ብዙ አያስፈልገውም ነበር እንደማለት ነው።

አንድ ነገር ላክል፤ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ1985 ለዓለም ሁሉ ባቀረቡት ቀመር ሥር ካሉት ከ7,000 በላይ ልኬቶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት የጣሊያኖች ነበሩ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ወታደሮችና ፖሊሶች! በ2005 ሄንሪ የተባለ ተመራማሪ ጣሊያኖቹን አውጥቶ፣ የሞቃት አገር ሰዎችን ጨምሮ ሲያሰላ ቁጥሩ ዝቅ አለ። “ለምዶታል” ባዩ ይህን ይዞ ሊሟገተኝ ይችል ይሆናል። ልዩነቱ ግን ጥቂት ነው፤ ሰው ከሚራብበት ጉድለት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የእርዳታ ድርጅቶች ለስደተኛ የሚያቅዱት የቀን ራሽን በ1997 ከ1,900 ወደ 2,100 ካሎሪ ከፍ ብሏል። ይህ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ያጠቃለለ፣ ቀላል ሥራ ብቻ የሚሠራ ሕዝብ አማካይ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት የድህነት ወለል ሲያወጣ መነሻ ያደረገው ደግሞ ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ካሎሪ ነው። ኪስ በሚኒሶታ ወጣቶቹን መልሶ ሲመግብ ያገኘው ሌላ ነው፦ የከሳ አዋቂ ሥጋው እንዲመለስ ለወራት በቀን 4,000 ካሎሪ ያህል ይፈልጋል።