አዲስ አዋጅ፣ የቆየ ወንጀል

የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የቀረበለትን አዋጅ ሲያጸድቅ 23 አባላት ተቃውመውታል። አዋጁ ቁጥር 1185/2012 ተብሎ ወጣ። የወንጀል ሕግ እያለ ይህ ለምን አስፈለገ? መልሱ ከሁለቱም ወገን እንደሚባለው ቀላል አይደለም።

ሐሰተኛ ወሬ መንዛት ወንጀል የሆነው ፌስቡክ ከመምጣቱ እጅግ ቀድሞ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይቀጣው ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 486 አስቀጠለው። ወሬው በጠላ ቤት ይነገር በጋዜጣ ይታተም ብዙም አያስጨንቀውም ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 መጣ። ይህ አዋጅ የወንጀል ሕጉን ከአንቀጽ 706 እስከ 711 ያሉትን የኮምፒውተር ድንጋጌዎች ሽሮ በራሱ ተካ። እስዚህ ድረስ ሥርዓት አለው፤ አሮጌው ወጣ፣ አዲሱ ገባ። ንግግር ላይ ሲደርስ ግን የሻረው ነገር የለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ተራ ስም ማጥፋት ከስድስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ያስቀጣል። ያው ስድብ በስልክ ተጽፎ ከተላከ ግን በአዲሱ አዋጅ አንቀጽ 13 እስከ ሦስት ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ሁለቱም ድንጋጌዎች ጎን ለጎን ኖሩ።

የ2012ቱ አዋጅ በአንድ በኩል ከዚህ ይሻላል፤ አንቀጽ 486ን በግልጽ ሽሯል። ስለዚህ በሐሰተኛ መረጃ ረገድ "ድግግሞሽ ነው" የሚለው ክስ አይጸናም። መደራረቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የጥላቻ ንግግር በአዋጁ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። በኅብረተሰብ መካከል ሁከት ወይም ግጭት የሚቀሰቅስ ጽሑፍ በኮምፒውተር ማሰራጨት ደግሞ በአዋጅ 958 አንቀጽ 14 እስከ ሦስት ዓመት ጽኑ እስራት አለው። አንድ የብሔር ስም ጠርቶ የሚያነሳሳ ጽሑፍ በሁለቱም ሥር ሊወድቅ ይችላል። ያኔ ጸሐፊው በመቀጮ ይለቀቅ ወይስ ጽኑ እስራት ይጠብቀው የሚለው ጉዳይ፣ ገና ከጅምሩ ዐቃቤ ሕጉ በሚመርጠው አንቀጽ ላይ ይንጠለጠላል።

በእርግጥ አዲስ የሆኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን እንዲያነሱ መጠየቁ ነው። ሁለተኛው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ቅጣቱ ከአንድ ዓመት ወደ ሦስት ዓመት ጣሪያ ከፍ ማለቱ ነው። (ፌስቡክ ለግል አካውንት የፈቀደው የጓደኛ ብዛትም 5,000 ነው።) ይህን የወንጀል ሕጉ ፈጽሞ አያውቀውም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀል አውጥቶ ወደ ፍትሐ ብሔር መራው። የአዋጅ 958 አንቀጽ 13 ግን አልተነካም። ጋዜጣው በካሳ የሚጠየቅበትን ቃል ተራ ሰው ገጹ ላይ ቢጽፈው የሚጠብቀው እስር ቤት ነው።