ማን ነው የተንቀሳቀሰው?

በ2005 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተገኘው አይሰን የተባለው ጅራታም ኮከብ ዓመቱን ሙሉ ዓለምን ሲያነጋግር ከረመ። ገና ሳይደርስ «የምዕተ ዓመቱ ጅራታም ኮከብ» ብለው ስም ያወጡለትም ነበሩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 22 ቀን ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ፎቶ አነሳው። ጥሬው ፎቶ ሰው እጅ ሲገባ ግን ጉድ ተባለ፤ በአንዱ ኮከብ ቦታ ሦስት ቁራጭ ይታያል። «ተሰባብሯል» ያለ አለ። «ኮከብ አይደለም፣ የሌላ ዓለም መንኮራኩር ነው» ያለም አልጠፋም።

ኮከቡ ያን ጊዜ ደህና ነበር። ሰው የዘነጋው ፎቶ አንሺውም መንገደኛ መሆኑን ነው።

ሀብል እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ምድርን ይዞራል። ፍጥነቱ በሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከመገናኛ ቦሌ አየር ማረፊያ ለመድረስ አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም ማለት ነው፤ የእኛን የጠዋት ጉዞ አታንሱት። በ95 ደቂቃ አካባቢ መላዋን ምድር ዞሮ ይጨርሳል።

ከአያት በሚነሳው የከተማ ባቡር ተሳፍሮ መስኮት ዳር የተቀመጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከሐዲዱ ዳር ያለው ምሰሶ ወደ ኋላ ይሮጣል፤ የየካ ተራራ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። መቼም ምሰሶ አይሮጥም፣ የሚሮጠው ባቡሩ ነው። ለሀብል ተራራዎቹ ከዋክብቱ ናቸው፤ አይሰን ደግሞ እንደ ምሰሶው ነው። ያን ጊዜ ከእኛ ከ600 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ቢርቅም፣ ከከዋክብቱ ርቀት ጋር ሲተያይ ደጃፍ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። እናም ቴሌስኮፑ ዓይኑን ከዋክብቱ ላይ ተክሎ ለደቂቃዎች ብርሃን ሲሰበስብ፣ ጅራታሙ ኮከብ ከቦታው ይንሸራተታል። ኮከቡ በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ ቴሌስኮፑም በምድር ዙሪያ ይታጠፋል፤ የሁለቱ ጉዞ ሲደመር መስመሩ ይጎብጣል። እንዲህ የተነሱ ተከታታይ ፎቶዎች ሲደራረቡ አንዱ ነገር ሦስት መስሎ ቁጭ አለ።

ጣጣው ግን በሀብል አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1728 ጀምስ ብራድሌይ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ሲከታተለው የነበረ ኮከብ በየዓመቱ ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ እያለ የሚመለሰው ለምን እንደሆነ ደረሰበት። ምክንያቱ ያለው እኛው ዘንድ ነበር፤ ምድር በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትከንፋለች። በክረምት ዝናቡ ቀጥ ብሎ እየወረደም ፈጥኖ የሚራመድ ሰው ጃንጥላውን ወደ ፊት ዘንበል ያደርጋል፤ ዝናቡ ከፊቱ የሚመጣ ይመስለዋልና። የኮከብ ብርሃንም እንደዚያው ነው። ብራድሌይ ኮከብ ሲፈልግ ያገኘው ምድር ለመንቀሳቀሷ የመጀመሪያውን ቀጥተኛ ማስረጃ ነው።

ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ሥራዋ ወደ ታች፣ ወደ መሬት ማየት ነበር፤ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋም እንጦጦ ላይ። የእንዲህ ያለች ሳተላይት ጉዞ በሂሳብ ካልታረመ የአገሩ ምስል ተንጋዶ ነው የሚወጣው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ደጋግሜ የምጠይቃቸው ጥያቄ ነበር፦ ተራኪው የት ቆሞ ነው የሚያወራው? ዛሬ ባስተምር ኖሮ አንድ እጨምርበታለሁ፦ እያወራስ ወዴት እየሄደ ነው?

ከሃያ ዓመት በኋላ ቦሌ አየር ማረፊያ የወረደ ሰው «ይሄ አገር ተለወጠብኝ» ይላል። ውሸት አልተናገረም። እሱም ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጓዝ ነው የኖረው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ሂዱ። ትናንት ጤፍ ይዘራበት የነበረ መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው በረንዳው ላይ ቆሞ ሲያይ፣ ከተማዋ ወደ እሱ የመጣች ይመስለዋል። መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ያንኑ ሕንጻ ሲያይ የሚታየው የጠፋ ቀዬው ነው። ሁለቱም አይዋሹም፤ ሁለቱም የሚያዩት ግን እየሄዱ ነው፣ አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ።

ታዲያ «ሁሉም እንደ ተመልካቹ ነው» ተባብለን እንለያይ? የሀብል ባለሙያዎች እንደዚያ አላሉም። የገዛ ጉዟቸውን ስለሚያውቁ ሂሳቡን ሠሩ። ለሕዝብ ባዘጋጁት ምስል ላይም የደበዘዘውን ኮከብ አንስተው በአንድ ነጠላ ፎቶ ተኩት፤ መተካታቸውንም አልደበቁም። ኅዳር 19 ቀን 2006 ዓ.ም. አይሰን ፀሐይን ታክኮ ሲያልፍ የእውነት ተበታተነ። የአሁኑን ስብራት የፎቶ አንሺው ጉዞ አላመጣውም።

የራስን ጉዞ ከሂሳቡ መቀነስ ጥቅሙ ይሄው ነው፤ ስብራት ከመሰለው ነገር መካከል እውነተኛውን ስብራት ለይቶ ያሳያል። እኔም ቦሌ ላይ ሆኜ ይህችን ከተማ ሳይ፣ የራሴን ምቾትና ጥድፊያ ለመቀነስ እሞክራለሁ። ሌላው ሌላው እየተስተካከለ ይሄዳል። የገበሬው ቀዬ ግን ቀንሼም፣ ደምሬም ቦታው ላይ የለም።