መኪናው ተጋጨ፤ ካሳውን ማን ይክፈል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንሹራንስ ከመኪና ቀድሞ ገብቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. መርቀው የከፈቱት የአቢሲኒያ ባንክ፣ ከባንክ ሥራው ጎን ለጎን የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ መድን ይሸጥ ነበር። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ አውቶሞቢል ይዞ ምኒልክ ዘንድ የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን መድን የሚገዛው ቡናና ቆዳውን በመርከብ የሚልክ፣ መጋዘኑ እንዳይቃጠልበት የሚሰጋ ነጋዴ እንጂ ባለመኪና አልነበረም። ባለመኪና ራሱ በጣት የሚቆጠር ነበር።

መኪናው እየበዛ ሲሄድ ግጭቱም አብሮ መጣ። ግጭት ሲመጣ ደግሞ አገሩ የሚያውቀው ዳኝነት ሽምግልና ነው። የገጨና የተገጨ በአማላጅ ይገናኛሉ፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ሰው ከሞተም የሟች ወገን ቂም እንዳይዝ ዕርቅ ይወርዳል። ይህ ልማድ ዛሬም ከከተማ ውጭ በሚገኙ አውራ ጎዳናዎች ላይ ሕያው ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌሮችም በደንብ ያውቁታል። መልካም ልማድ ነው። ከኢንሹራንስ ውል ጋር ግን ብዙ ጊዜ ይጋጫል። የተለመደው የመኪና ፖሊሲ ባለመኪናው ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋቱን እንዳያምንና ካሳ እንዳይዋዋል ይከለክላል። ሾፌሩ ግን የሟች ቤተሰብ ፊት ቆሞ፣ ሽማግሌ መሐል ገብቶ፣ «ቆይ ኩባንያዬን ልጠይቅ» ሊል አይችልም። ዕርቁን ከፈጸመ በኋላ ወደ ካሳ ክፍሉ ሲሄድ «ሳታማክረን የገባህበት ነው» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። የሁለት ዳኝነት ጠብ ነው፤ እስካሁንም አልበረደም።

በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በዚያው በ1951 የመጀመሪያው አገር በቀል የመድን ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ ሥራ ጀመረ። መንገዱና መድኑ አንድ ላይ ተወለዱ ማለት ይቻላል። ከሦስት ዓመት በኋላ በተደረገ ቆጠራ አገሪቱ ውስጥ ዘጠኝ መድን ሰጪዎች ሲገኙ፣ ከኢምፔሪያል በቀር ሁሉም የውጭ ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. ገደማ ቁጥሩ 33 ደረሰ። አብዛኞቹ በወኪል የሚሠሩ ነበሩ፤ ወኪል ደግሞ ውል ይሸጣል፣ የመድን ክፍያውን፣ አረቦኑን፣ ይሰበስባል እንጂ የኩባንያው ባለቤት አይደለም። ደንበኛው አዲስ አበባ ላይ የሚጨቃጨቀው፣ ገንዘቡ ባሕር ማዶ ካለ ኩባንያ እንደራሴ ጋር ነበር።

ሙግቱን መልክ ያስያዙት ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጁት ሁለት ትልልቅ ሕጎች ናቸው፦ የፍትሐ ብሔር ሕግና የንግድ ሕግ። ሁለቱም ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸኑ። የመጀመሪያውን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ የሁለተኛውን ሥራ ዣን ኤስካራ ጀምረውት አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። እነዚህ መምህራን ከጻፉት ውስጥ የኢትዮጵያን ባለመኪና ኑሮ በቀጥታ የነካው ጥቂት መስመር ነው፤ ክብደቱ ግን ቀላል አይደለም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው፣ ይባስ ብሎም ለመንዳት ያልተፈቀደለት ሰው መሆኑ ከተጠያቂነት አያድነውም። ለተጎጂው ትልቅ ጋሻ ነው፤ ማን አጠፋ ብሎ ከመድከሙ በፊት ታርጋውን አይቶ ማንን እንደሚከስ ያውቃል። ቁጥር 2084 ደግሞ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ የአንዱ ጥፋት ካልተረጋገጠ በቀር የጉዳቱን ጠቅላላ ኪሳራ ባለቤቶቹ እኩል ይካፈሉታል። የትራፊክ ፖሊስ የሚያነሳው የአደጋ ፕላን ያን ያህል የሚፈራውና የሚፈለገው ለዚህ ነው። ያ ወረቀት ባይኖር ጥፋት የሌለበት ሰው የግማሽ ዕዳ ተካፋይ ሊሆን ይችላል።

የንግድ ሕጉ በበኩሉ መድን የትርፍ ምንጭ እንዳይሆን ከለከለ። ካሳው ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። መድን ገቢው አደጋውን ባወቀ በአምስት ቀን ውስጥ ለኩባንያው ማስታወቅ አለበት። ከውሉ የሚነሳ ክስ ደግሞ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ብዙ ሙግት የሚሞተው በዚህ ሁለተኛው ቀነ ገደብ ነው። ደንበኛው «ነገ ና» ሲባል፣ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ጋራዥና ካሳ ክፍል ሲመላለስ ጊዜው ይነጉዳል፤ ፍርድ ቤት የደረሰ ዕለት ክርክሩ ስለ ግጭቱ መሆኑ ቀርቶ ስለ ቀን መቁጠሪያ ይሆናል።

ውሉን የሚገዛ ሕግ እንጂ ኩባንያዎቹን ራሳቸውን የሚቆጣጠር ሕግ እስከ 1963 ዓ.ም. አልነበረም። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 ለመድን ሰጪዎች የካፒታል መነሻ አበጀ፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፣ የውጭ ኩባንያ በወኪል ብቻ የሚሠራበትን ዘመን ዘጋ። በአንድ ዓመት ውስጥ 15 አገር በቀል ኩባንያዎችና 11 የጉዳት ገማቾች ፈቃድ አገኙ።

ቁጥጥሩ ቅንጦት አለመሆኑን በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር የደረሰው ነገር ያሳያል። ቬሂክል ኤንድ ጄኔራል የተባለው ኩባንያ ሌሎቹ ከሚጠይቁት ባነሰ አረቦን፣ አደጋ ለማያደርስ ሾፌርም ጠቀም ባለ ቅናሽ ደንበኛ እያስኮበለለ በፍጥነት አድጎ ነበር። የካቲት 22 ቀን 1963 ዓ.ም. ወደቀ። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ባለመኪና በአንድ ቀን ያለ መድን ቀረ። ነገሩን ያጣራው አካል የንግድ ሚኒስቴሩን ሹማምንት ጭምር ተጠያቂ ሲያደርግ፣ ፓርላማው በ1975 እ.ኤ.አ. የመድን ገቢዎችን መጠበቂያ ሕግ አወጣ። ዋጋ አይቶ ኩባንያ የሚለውጥ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ ነው፦ እነዚያ ደንበኞች ርካሽ ወረቀት ነበር የገዙት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግን መለወጥ የሚባል ነገር ራሱ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 13 የመድን ኩባንያዎችን ወረሰ። ከአንድ ዓመት በኋላ በ11 ሚሊዮን ብር ካፒታል የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሀብታቸውንም ዕዳቸውንም ተረክቦ ብቻውን ቆመ። በድርጅቱ ላይ ፍርድ ሲሰጥ ሚዛን ያስፈልጋል። መንግሥት ከኋላው ስለነበር ኩባንያው ወድቆ ካሳ የሚቀርበት ደንበኛ አልነበረም። በኋላ የግል ኩባንያዎችን ያቋቋሙትና የመሩት ብዙ ባለሙያዎችም የተኮተኮቱት እዚያው ነው። ድንበር ለሚሻገሩ መኪኖች የሚያገለግለው፣ ዛሬ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው ስምምነት አዲስ አበባ ላይ የተፈረመውም በዚሁ ዘመን፣ በ1979 ዓ.ም. ነው።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። በተወሰነለት ካሳ የተከፋ ደንበኛ አቤቱታውን የሚያቀርበው እዚያው ድርጅት ላለ የበላይ ነው። ውሉ ሲያበቃ «ሌላ ቤት እሄዳለሁ» ሊል አይችልም፤ ሌላ ቤት የለም። ባለመኪና ሙሉ መድን የሚገባ ከሆነ ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ የገጨውም ሰው የሚገቡት እዚያው ነው። የሁለት መኪኖች ግጭት የአንድ ቢሮ የውስጥ ሒሳብ ሆኖ ይቀራል። ይህ ለ19 ዓመታት ቆየ፤ አንድ ትውልድ ባለመኪና አማራጭ ምን እንደሚመስል ሳያይ ኖረ።

በሩን የከፈተው በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ነው። አዋጁ የመድን ሥራን ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ፈቀደ፣ ቁጥጥሩን ለብሔራዊ ባንክ ሰጠ። በተከታዮቹ ጥቂት ዓመታት አዋሽ፣ አፍሪካ፣ ኒያላ፣ ናይልና ሌሎችም ገበያውን ተቀላቀሉ። ሕይወት ነክ ካልሆነው መድን ትልቁን ድርሻ የያዘው የመኪና ዋስትና ስለሆነ ፉክክሩ የከረረውም እዚያው ላይ ነው። ደንበኛው ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወረ ዋጋ መጠየቅ ቻለ። አደጋ ሳያደርስ ዓመቱን የጨረሰ ሾፌር ከቀድሞው ኩባንያው የምስክር ደብዳቤ አስጽፎ በአዲሱ ቤት ቅናሽ ይጠይቃል። መኪናው ይታያል፣ ግምቱ ይሞላል፣ ውሉ ይፈረማል።

አዲሱ ሙግት የተፀነሰው በዚያች ግምት በምትሞላበት መስመር ላይ ነው። አረቦን እንዲቀንስለት ብሎ፣ ወይም የመኪና ዋጋ በየዓመቱ መናሩን ሳያስብ፣ ደንበኛው ዝቅተኛ ግምት ያስመዘግባል። 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ600,000 ብር ተመዝግቦ 100,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ ኩባንያው የሚከፍለው 60,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ መድን ገቢው ራሱ የሚሸፍነው ድርሻ ይቀነሳል። ቀሪውን 40 በመቶ ባለቤቱ ለራሱ መድን እንደ ሰጠ ይቆጠራል። ስሌቱ ውሉ ላይ ያለ ነው፤ ነገር ግን ሽያጩ ሲጣደፍ ይህን ለደንበኛው ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሠራተኛ ብዙ አይገኝም። ጥፋቱን በደንበኛው ላይ ብቻ መጣል ፍትሐዊ አይሆንም።

ሁለተኛው የጠብ ምንጭ ጋራዥ ነው። ኩባንያው ጋራዦችን አወዳድሮ ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው ጥገናውን ይሰጣል። ባለመኪናው ያሠራበት የማያውቀው ጋራዥ ገብቶ፣ መለዋወጫ እስኪገኝ ወራት ጠብቆ፣ ቀለሙ የማይመሳሰል በር ተገጥሞለት ይወጣል። ኩባንያ ለመለወጥ የሚወስኑ ብዙ ሰዎች የሚወስኑት ያን ዕለት ነው። የሚሄዱበትም ቤት በዚያው አሠራር የሚሠራ መሆኑን የሚያውቁት በሚቀጥለው ግጭት ነው።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ውል የሌለው አንድ ሰው ነበር፤ እግረኛው። ሕጉ ባለመኪናውን ያስጠይቅለታል፤ ባለመኪናው ገንዘብ ከሌለው ግን ፍርዱ ወረቀት ነው። ብሪታንያ የሦስተኛ ወገን መድንን በ1930 እ.ኤ.አ. አስገዳጅ ስታደርግ፣ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 559 ሁሉንም ተሽከርካሪ ያስገደደችው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ከመጀመሪያዋ አውቶሞቢል መቶ ዓመት በኋላ። እሱን በ2005 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 799 ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር ካሳ ወሰነ። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው የሚክስ ፈንድም አደራጀ። ፈንዱ በጣም ትልቅ እርምጃ ነው። የካሳው ልክ ግን ያሳዝናል፤ ለተሰበረ መኪና የተፈቀደው ጣሪያ ለሞተ ሰው ከተፈቀደው ከእጥፍ በላይ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ከተደረገ ወዲህ፣ የመድን ክርክሮችም በችሎቱ የውሳኔ ቅጾች እየታተሙ ጠበቆችና ኩባንያዎች የሚጠቅሷቸው ሆነዋል። ችሎቱ የሚተረጉመው ሕግ ግን ያው የ1952ቱ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የተጻፉት ክፍሎች ተተኩ፤ መድንን የያዘው ሦስተኛው መጽሐፍ ባለበት ቀረ። መንገዱ ላይ መኪና ጥቂት በነበረበት ዘመን የተጻፈ ሕግ ነው፤ ሕግ አውጪው ሊደርስለት ይገባል። እስከዚያው ባለመኪና የሆነ አንባቢ ኩባንያ ሊለውጥ ሲነሳ ከአረቦኑ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ መኪናዬ ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ ተመዝግቧል ወይ? ጥገናውን ማን ይመርጣል? ካሳ ስከለከል ምክንያቱን በጽሑፍ ትሰጡኛላችሁ? አደጋ በደረሰ ጊዜ ደግሞ አምስቱን ቀን አያሳልፍ።